ሣጥኑ ደርሷል፣ ፋርማሲስቱ የለም፦ የመካከለኛው አውስትራሊያ የአቦርጂናል ክሊኒኮች የመድኃኒት አገልግሎት (የጉዳይ ጥናት)

ኪንቶር ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተምዕራብ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ፒንቱፒ የተባለ የአቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር) ሕዝብ መንደር ናት። መንገዱ በአብዛኛው አቧራ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃ ሆኖ ይዘጋል። በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ እንዲህ ያሉ የጥቂት መቶ ሰዎች መንደሮች ብዙ ናቸው። ክሊኒክና ነርስ አላቸው፤ ሐኪም አንዳንዱ ጋ ይኖራል፣ አንዳንዱ ጋ በአውሮፕላን እየመጣ ይመለሳል። መድኃኒት ቤት ግን የላቸውም። ለጥቂት መቶ ሰው ተብሎ የሚከፈት መድኃኒት ቤት የፋርማሲስቱን ደመወዝ እንኳ አያወጣም።

የአውስትራሊያ መንግሥት ከ1948 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ፒቢኤስ በተባለው ፕሮግራም መድኃኒት ይደጉማል። ሐኪም ያዝዛል፤ ሰውየው ማዘዣውን ይዞ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ የራሱን ድርሻ ከፍሎ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። ሐኪሙም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ገንዘቡም ላለው ሰው ጥሩ ነው። ሦስቱም ለሌሉት የበረሃ ነዋሪ ድጎማው በሕግ መጽሐፍ ላይ ያለ መብት ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለአንድ ነባር ተወላጅ በፒቢኤስ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላው አውስትራሊያዊ ከሚወጣው ሲሶ ገደማ ነበር፤ የስኳር፣ የኩላሊትና የልብ ሕመም ግን በነባሩ ሕዝብ ላይ እጅግ ይበረታል።

በ1999 መፍትሔ መጣ። በ1953ቱ የብሔራዊ ጤና ሕግ አንቀጽ 100 መሠረት፣ መደበኛው መንገድ በማይሠራበት ቦታ ሚኒስትሩ ልዩ አሠራር መዘርጋት ይችላል። በዚህ አንቀጽ ርቀው ያሉ የአቦርጂናል ጤና ድርጅቶች መድኃኒት በጅምላ ከከተማ መድኃኒት ቤት እንዲያዝዙ ተፈቀደ። መድኃኒት ቤቱ ሣጥኑን ይልካል፣ ክሊኒኩ መረከቡን ይፈርማል፣ መድኃኒት ቤቱ ሂሳቡን ከመንግሥት ይቀበላል። ሕመምተኛው በተመረመረበት ክፍል፣ ከነርሷ ወይም ከአቦርጂናል ጤና ባለሙያዋ እጅ፣ በነፃና ያለ ማዘዣ ወረቀት ይወስዳል። ክሊኒኩ ማሟላት ያለበት ብዙ አይደለም፦ ያልተፈቀደለት ሰው የማይገባበት፣ ሙቀቱ የተጠበቀ ማከማቻ፤ በክፍለ ግዛቱ ሕግ መድኃኒት መስጠት የሚችል ሠራተኛ፤ ከሕመምተኛው ገንዘብ አለመጠየቅ። እንደ ሞርፊን ያሉ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያሉ መድኃኒቶች በዚህ መንገድ አይላኩም፤ ሌላ መስመር አላቸው።

አሠራሩ ትልቅ ድል ነው። ጉድለቱም ያለው እዚያው ድሉ ውስጥ ነው። ማዘዣውን፣ ክፍያውንና የመድኃኒት ቤቱን ባንኮኒ አስቀርቷል፤ ከባንኮኒው ጋር ግን ከኋላው የሚቆመውንም ሰው አስቀረው። ሣጥኑ በረሃ ሲገባ ፋርማሲስቱ ከተማ ቀረ። ለመድኃኒት ቤቱ የሚከፈለው በተላከው ሣጥን ልክ የማስተናገጃ ክፍያ ነው፤ ለመደበኛ ማዘዣ ከሚከፈለው ያነሰ ስለሆነ የምክር ሰዓት አይሸፍንም። ክሊኒኮችን ለመጎብኘት የተለየ አበል አለ፤ ግን የሚገዛው በዓመት ጥቂት ጉብኝት ነው። የሴኔቱ ኮሚቴ በ2011 አሠራሩን ሲመረምር ያየውም ይህንኑ ነው፦ መድኃኒቱ መድረሱ ተሻሽሏል፣ መድኃኒቱን በአግባቡ መጠቀሙ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል።

ከመደርደሪያው እንጀምር

ፋርማሲስት በሌለበት ክሊኒክ ትዕዛዝ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የበዛበት ነርስ ነው። መደርደሪያውን ዓይቶ የጎደለውን ይጽፋል። በመንገድ ላይ ያለውን ትዕዛዝ ስለማይቆጥር አንዱ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይመጣና ቀኑ ያልፍበታል፤ ሌላው ያልቃል። መድኃኒቱ ግን በቀላል ስሌት ይያዛል። ክሊኒኩ በሳምንት 12 ሣጥን ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) ይጠቀማል፣ መኪናው በየ2 ሳምንቱ ይመጣል፣ ትዕዛዙ ለመድረስ 1 ሳምንት ይፈጃል፣ መጠባበቂያ ደግሞ የ2 ሳምንት እንበል። ከፍተኛው ክምችት 12 በ5፣ ማለትም 60 ሣጥን ነው። ትዕዛዝ በሚላክበት ቀን ከ60 ላይ መደርደሪያው ላይ ያለውና በመንገድ ያለው ተቀንሶ የቀረው ይታዘዛል። ዝናብ መንገድ በሚቆርጥበት አካባቢ ከክረምቱ በፊት መጠባበቂያው ወደ 6 ወይም 8 ሳምንት ከፍ ይላል።

ስሌቱን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ሐዘን ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ ሁሉ ወደ ለቅሶው መንደር ይሄዳል፤ ሳምንታት ይቀመጣል። አንዱ ክሊኒክ ባዶ ሲሆን ሌላው ጋ ሰው ይጥለቀለቃል። የዚያ ወር ፍጆታ በአማካዩ ውስጥ ከገባ የሚቀጥለው ትዕዛዝ ይሳሳታል፤ ስለዚህ በቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ወጪና ገቢ በሚጻፍበት ካርድ) ላይ ከቁጥሩ ጎን «ለቅሶ» ብሎ መጻፍ እንደ ቁጥሩ ሁሉ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው፤ ከተማ ያለው አቅራቢ ከየት ሰምቶት።

የፔንሲሊን መርፌ ለብቻው መነሳት አለበት። ሩማቲክ የልብ ሕመም በእኛም አገር ብዙ ወጣት የሚጎዳ በመሆኑ ሕመሙ እንዳይባባስ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔንሲሊን ለአንባቢው እንግዳ አይደለም። በአውስትራሊያ መደበኛው መጠን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው፤ ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን 600,000። የሚወጋው በየ28 ቀኑ ነው። በየወሩ ማለት አይደለም፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ28 ቀን የሚሄድ ሰው በዓመት 13 መርፌ ያገኛል፣ «በየወሩ 5ኛው ቀን» የተባለ ደግሞ 12፤ አብዛኛውን ወር ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ጥበቃ ይቆያል ማለት ነው። 30 ሕመምተኛ ያለው ክሊኒክ በዓመት 390 መርፌ ይፈልጋል፤ በ12 ያሰበ ሰው 30 መርፌ ይጎድልበታል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የለበትም። ከመወጋቱ በፊት ወደ ክፍሉ ሙቀት እንዲመለስ ይደረጋል፤ 2 ወይም 3 ደቂቃ ወስዶ ቀስ ብሎ ይወጋል። ሕፃኑ በሚቀጥለው 28ኛ ቀን መምጣቱና መቅረቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያ 3 ደቂቃ ነው።

ኢንሱሊን ሌላ ጣጣ አለው። በብዙ መንደሮች መብራት የሚሠራው አስቀድሞ በሚገዛ ካርድ ነው፤ ካርዱ ሲያልቅ ፍሪጁም ይሞታል። ውጪ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። «ቤትህ ፍሪጅ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ይላል፤ ፍሪጁ አለማ። ጥያቄው መሆን ያለበት «ካርዱ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አልቆ ነበር?» ነው። መልሱ ብዙ ከሆነ መጠባበቂያው ክሊኒክ ይቀመጣል፣ ለሰውየው የሚሰጠው በእጅ የሚይዘው አንድ የኢንሱሊን ብዕር (መውጊያ) ብቻ ነው።

የተደረደረው ክኒን

ብዙ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከተማው መድኃኒት ቤት የሳምንቱን ክኒን 28 ትንንሽ ክፍል ባለው ጥቅል (7 ቀን በ4 ጊዜ) አሽጎ ይልካል። ነገሩ ሲታይ ያስደስታል፤ ያልጠረጠርነው ቦታ ላይ ግን ይበላሻል። 60 ሰው የ4 ሳምንት ጥቅል ሲመጣለት መደርደሪያው ላይ 240 ጥቅል አለ። ጎብኚው ሐኪም የአንዱን ሰው የደም ግፊት መድኃኒት ሲቀይር የዚያ ሰው 4 ጥቅል በሙሉ ስህተት ይሆናል። ተመልሶ፣ ተስተካክሎ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ በመሃሉ ነርሷ በመቀስ ከፍታ ክኒን ለቅማ ታወጣለች። የምታወጣው ነጭ ክብ ክኒን የትኛው ነጭ ክብ ክኒን እንደሆነ የሚያረጋግጥላት ሰው አጠገቧ የለም።

ወደ ጥቅል የማይገባም አለ። ዳቢጋትራን እርጥበት ስለሚያበላሸው ከራሱ ዕቃ አይወጣም፤ ሶዲየም ቫልፕሮዬትም እንዲሁ። በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት ከዕለታዊው ክኒን ጋር ባይደባለቅ ይሻላል። ስለዚህ «ጥቅሉን ጨርሻለሁ» ያለ ሰው መድኃኒቱን ጨርሷል ማለት አይደለም፤ ኢንሄለሩና መርፌው ከጥቅሉ ውጪ ናቸው።

ያልተወሰደ ጥቅል የተከማቸበት መደርደሪያ የክሊኒኩ ትክክለኛ ሪፖርት ነው። በየሳምንቱ ሰኞ የታሸገው፣ የተወሰደውና የቀረው ቢቆጠር ከየትኛውም ኮምፒውተር የበለጠ ይናገራል። ኮምፒውተሩማ በዚህ አሠራር ዕውር ነው፦ መድኃኒቱ በጅምላ ስለሚሄድ የመንግሥቱ መዝገብ ክሊኒኩ ስንት ሣጥን እንደወሰደ እንጂ ማን ምን እንደወሰደ አያውቅም። ሰውየው ታሞ አሊስ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሙ ፒቢኤስ መዝገብ ላይ የሚያገኘው ባዶ ገጽ ነው። የመንደሩ ክሊኒክ የመድኃኒት ዝርዝሩን ወቅታዊ አድርጎ ካልላከ ሆስፒታሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሰውየው ሲመለስም ሁለት ዝርዝር ይዞ ይመጣል።

ስም መጥራት

«ባህላዊ ደኅንነት» የሚለውን አስተሳሰብ ያመጡት ኢሪሃፔቲ ራምስደን የተባሉ የኒው ዚላንድ ማኦሪ ነርስ ናቸው፤ ዘመኑ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ፍሬ ነገሩ፣ አገልግሎቱ ደኅና መሆኑን የሚፈርደው ተቀባዩ ነው፤ ሰጪው አይደለም። የአውስትራሊያ የጤና ባለሙያዎች ተቆጣጣሪም ትርጉሙን በዚሁ መንፈስ ወስዶታል። ብዙ ቦታ ግን ይህ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሰቅሎ፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ማለፍ ሆኗል። መድኃኒት ቤት ውስጥ ነገሩ የሚታየው በጥቃቅን ነው።

ስምን እንውሰድ። በመካከለኛው በረሃ ሰው ሲሞት ስሙ አይጠራም፤ ስሙን የሚጋራ ሕያው ሰው እንኳ ለጊዜው በሌላ መጠሪያ ይጠራል። ከበረሃው ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በዋርልፒሪዎች ዘንድ መተኪያው ኩሙንጃዪ ነው። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ደግሞ ሥራው ስም ጮክ ብሎ መጥራት ነው! ጥቅሉ ላይ በትልቁ የታተመውም ያው ስም ነው። ሰውየው ሳይነሳ ይቀራል፤ ጥቅሉ «ያልተወሰደ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሰውየውም መድኃኒቱን የማይከታተል ይባላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በመዝገቡ ላይ «አሁን የሚጠራበት» የሚል ቦታ መክፈት፣ መለያው ላይ ሕጋዊውን ስም በትንሹ አስቀርቶ የትውልድ ቀንና የመዝገብ ቁጥር መጨመር፣ ተረኛን በቁጥር ወይም ቀርቦ በዓይን መጥራት። ስያሜው መቼ እንደተቀየረና መቼ እንደሚመለስ የምትናገረው የመንደሩ ጤና ባለሙያ ናት።

ባለሙያዋ ራሷ ግን ለሁሉም ሰው መድኃኒት መስጠት አትችልም። አማትና አማች በብዙዎቹ ማኅበረሰቦች አይነጋገሩም፣ አንድ ክፍል ውስጥም አይቀመጡም። የወንድ ጉዳይ ለሴት፣ የሴት ጉዳይ ለወንድ አይነገርም። ስለዚህ አንድ በርና አንድ የመጠበቂያ ክፍል ያለው ሕንፃ ገና ሲነደፍ ሰው ያባርራል። ሁለት መግቢያ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሠራተኛ በየፈረቃው፣ ድምፅ የማያሾልክ ክፍል፦ እነዚህን በጀት ውስጥ መጀመሪያ ማስገባት ነው እንጂ ኋላ ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል።

ምክሩም እንዲሁ። «ገባህ?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» ማለት በብዙ አቦርጂናል ማኅበረሰብ ጥያቄውን በጨዋነት መዝጊያ ነው። እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋ ነው። ጥያቄውን «ይህን እቤት ሄደህ ለልጅህ እንዴት ብለህ ትነግረዋለህ?» ብሎ ማዞር፣ ከክኒኑ በፊት ስለ ቤተሰብና ስለ አገር ማውራት ጊዜ ይወስዳል። ያርኒንግ ይሉታል፤ የእኛ ሰው ከቡና ጋር የሚያወጋው ዓይነት ነው፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው እንደ ባለጌ የሚታይበት። በሣጥን ልክ የሚከፈለው መድኃኒት ቤት ይህን ጊዜ ከየት ያመጣል? ባህላዊ ሐኪሞቹን፣ ንጋንካሪዎቹን፣ በተመለከተም ጥያቄው «ሄደሃል?» ብሎ መመርመር ሳይሆን ቦታ ሰጥቶ አብሮ መሥራት ነው፤ ሰው ሁለቱንም እንደሚጠቀም ካልፈራ የሚቀባውንና የሚጠጣውን ሳይደብቅ ይናገራል።

ባለቤቱ ማን ነው?

የመጀመሪያው በማኅበረሰቡ የሚመራ የአቦርጂናል ሕክምና አገልግሎት በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን ተከፈተ፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ140 በላይ አሉ። ቦርዱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። ሐኪም ይቀጥራሉ፣ የጥርስ ክሊኒክ ይከፍታሉ። መድኃኒት ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ግድግዳ ይገጥማቸዋል፦ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች መድኃኒት ቤት በባለቤትነት መያዝ የሚችለው ፋርማሲስት ነው፣ ለጥቂት የመረዳጃ ማኅበራት ካልሆነ በቀር። ከነማ መድኃኒት ቤት የከተማ አስተዳደሩ መሆኑን የለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ይገርመው ይሆናል። የሕጉ ሐሳብ ሙያውን ከነጋዴ ለመጠበቅ ነው፤ ማኅበረሰቡን ግን ከነጋዴ እኩል ደጅ አስቀረው። ከዚህ ሌላ አዲስ መድኃኒት ቤት ከነባሩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚወስን የፌዴራል ደንብ አለ።

ባለቤትነት እስኪገኝ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ውሉን ማጥበቅ ነው። ከአቅራቢው ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ የጥቅል ለውጥ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ የስህተት መዝገቡ በየወሩ ለማን እንደሚላክ፣ በስም የሚታወቅ አንድ ፋርማሲስት በስልክ በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ፣ የማሸጊያውን መረጃ ማኅበረሰቡ ሲለቅ ይዞት እንደሚሄድ ካልተጻፈ፣ በቃል የተገባው ሁሉ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ይረሳል። በጨረታ ዋጋ ብቻ አይቶ መምረጥ እዚህ የሚያዋጣ አይመስለንም፤ መድኃኒቱ ዋጋው በመንግሥት ተወስኗል፣ አቅራቢዎቹ የሚለያዩት በአገልግሎቱ ነው።

ሁለተኛውና የተሻለው ፋርማሲስቱን ራሱ ጤና ድርጅቱ መቅጠሩ ነው። አይፓክ በተባለው ጥናት በ2018 እና 2019 በኩዊንስላንድ፣ በቪክቶሪያና በሰሜናዊው ግዛት በሚገኙ 18 የማኅበረሰብ ጤና ድርጅቶች ውስጥ ፋርማሲስቶች ገብተው ሠሩ። መድኃኒት አያድሉም ነበር። የሰዎችን የመድኃኒት ዝርዝር ይፈትሻሉ፣ ቤት ይሄዳሉ፣ ከሆስፒታል የተመለሰውን ሰው ሁለት ዝርዝር አመሳክረው አንድ ያደርጋሉ፣ ሠራተኛ ያስተምራሉ። የስኳር ሕመምተኞች የስኳር ልክና የመድኃኒት አወሳሰድ ተሻሻለ፤ ለውጡ ተአምር አይደለም፣ ግን እውነተኛ ነው። ዋናው ልዩነት ፋርማሲስቱ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ነው፦ ብዙ ክኒን ሲቀነስ ገቢው የማይቀንስበት፣ ቦርዱ ሲጠይቀው የሚመልስ ሰው ሆነ።

አዲስ የተቀጠረ ፋርማሲስት በመጀመሪያው ሳምንት የመድኃኒት ዝርዝር ማረም ቢጀምር ይሳሳታል። መጀመሪያ ከጤና ባለሙያዎቹ ጋር እየዞረ ይተዋወቃል፤ ከማን ዘመድ ጋር ማን እንደማይነጋገር ይሰማል። ከዚያ ማከማቻውን ቆጥሮ ቀኑ ያለፈውን ያወጣል፣ የፍሪጁን የሙቀት መዝገብ ያነባል። ከአንድ ወር በኋላ ከሆስፒታል በቅርቡ የወጡትንና ከ5 በላይ መድኃኒት የሚወስዱትን ይዞ ይጀምራል። በጅምላ የሚመጣው ሣጥን የሕመምተኛ መለያ ስለሌለው፣ ስም፣ መድኃኒትና ጥንካሬ፣ አወሳሰድ፣ ቀንና የሰጪው ፊርማ የሚታተምበት ትንሽ ማተሚያ ማስገባቱ የመጀመሪያው የሚታይ ሥራው ሊሆን ይችላል። በእስክሪብቶ የተጻፈ መለያ በላብ ይጠፋል።

ወደ ከተማ የሚሄደውንም ማሰብ ነው። የአንቀጽ 100 ነፃ መድኃኒት ክሊኒኩን ይከተላል፣ ሰውየውን አይከተልም። አዴሌድ ለኩላሊት ሕክምና የሄደ ሰው እዚያ መድኃኒት ቤት ሲገባ የሚጠቅመው ሌላው ድጎማ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ ያለ፣ ለነባር ሕዝቦች የታካሚውን ድርሻ የሚቀንስ። በ2025 መደበኛው ድርሻ 31.60 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፣ በዚህ ድጎማ ወደ 7.70 ይወርድ ነበር፤ የድጎማ ካርድ ላለው ሰው ነፃ ነው። እስከ 2021 ድረስ ማዘዣው ላይ ልዩ ምልክት ካልተጻፈ አይሠራም ነበር። አሁን አንድ ጊዜ መመዝገብ ይበቃል፤ መዝጋቢውም ሐኪም ብቻ ሳይሆን ፈቃድ ያላት የአቦርጂናል ጤና ባለሙያም ናት። በነፃ ስለሚያገኝ ማንም ሳይመዘግበው ዓመታት የኖረ የበረሃ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተማ ባንኮኒ ላይ ሙሉ ዋጋ ሲጠየቅ ነው። ምዝገባው ለጉዞ ከሚዘጋጀው ቦርሳ ጋር አብሮ መሠራት አለበት።

በበረሃ ክሊኒኮች ነርስ፣ ሐኪምም ፋርማሲስትም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የማትሄደው የመንደሩ ልጅ የሆነችው ጤና ባለሙያ ናት፤ በሰሜናዊው ግዛት ከ1985 ጀምሮ በሕግ ተመዝግባ ትሠራለች፣ በአካባቢው የሕክምና መመሪያ መሠረት መድኃኒት ትሰጣለች። ፋርማሲስቱ ከሳምንቱ ግማሽ ቀን ከእሷ ጋር በማከማቻው ውስጥ ካላሳለፈ፣ የክምችት ስሌቱንም የጥቅል ቆጠራውንም የያዘው ሰው ሻንጣውን ይዞ በሚወጣበት ቀን መደርደሪያው ወደ ግምት ይመለሳል። ስለዚህ በቅጥር ውሉ ላይ ያ ግማሽ ቀን በቀኑና በሰዓቱ ይጻፋል፤ ሕመምተኛ ቢበዛም አይሰረዝም።